ጥንብ አንሳን በገዛ ፈቃዱ ሚዛን ላይ ማውጣት

ጥንብ አንሳ በመረብ ሲያዝ ያየ ሰው ደግሞ ማየት አይፈልግም። አንዱ መረብ ይወረውራል፣ ሌላው ፎጣ ይዞ ያሳድዳል፣ ወፉ ከሽቦው ጋር ይላተማል። ሲይዙት የበላውን ሁሉ ያዡ ጫማ ላይ ያወርደዋል። (ሽታውን ለመግለጽ አልሞክርም።) ይህ ሁሉ ግርግር ስንት ኪሎ እንደሆነ ለማወቅ ነው። በማግስቱ ታዲያ ያንኑ ሰው ሲያይ ይሸሻል። አይፈረድበትም።

አሁን አሁን ብዙ መካነ እንስሳት ይህን ትተዋል። ወፉ ራሱ ሄዶ ሚዛን ላይ ይወጣል። ራሱ ማጓጓዣ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ክትባት ሲኖር ደረቱን ወደ ሽቦው አስጠግቶ ይቆማል። የሚያስፈልገው ሥጋ፣ ፊሽካ፣ አንድ ዱላና ብዙ ትዕግሥት ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሕግ አለ፦ ወፉ እምቢ ማለት መቻል አለበት። በሩ ክፍት ነው፣ ጥሎ መሄድ ይችላል፣ ስለሄደም አይቀጣም። እምቢ ማለት የማይችል ወፍ ሲመጣ ፈልጎ ይሁን ፈርቶ በምን ይታወቃል? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የቆመው በዚህች ሕግ ላይ ነው።

ሐረር ሄዶ ጅብ ሲበላ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጅቡ አልታሰረም። ስሙ ይጠራል፣ ይመጣል፣ በእንጨት የተያዘለትን ሥጋ ወስዶ ይሄዳል። ካልፈለገም አይመጣም።

ስለ ወፉ ጥቂት

ምሳሌ ያደረግሁት የሩፔል ጥንብ አንሳን ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችንን ዞሮ ካጠናው ጀርመናዊ፣ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከ6.5 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 2 ሜትር ተኩል ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ፣ ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው ወፍ የዚህ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተሰልፏል። በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ስለሆነ የሞተውን ቶሎ አይተካም።

ለሥልጠና የሚጠቅሙ ሦስት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ የመንጋ ወፍ ነው። ሌላው ሲበላ ካየ መቅረት አይሆንለትም። ሁለተኛ፣ እግሩ እንደ ንስር እግር ጨብጦ የሚይዝ አይደለም። የሚያስፈራው ምንቃሩ ነው፤ የበሬ ቆዳ ለመቅደድ የተሠራ ነው። ሦስተኛ፣ ሲያገኝ እስኪጠግብ ይበላል፣ ከዚያ ለቀናት ጦሙን ይውላል። ስለዚህ ጠግቦ አንገቱ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት ተወጥሮ ካያችሁት የዚያን ቀን ትምህርት የለም። ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ይህ መመሪያ መካነ እንስሳት ወይም ማገገሚያ ማእከል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ ማቆየት ክልክል ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። ታክሞ ወደ ዱር የሚመለስ ወፍንም አታሠልጥኑ። ሰውን የለመደ ጥንብ አንሳ ዱር ሲወጣ የሚያገኘው ሰው እንደ እናንተ ላይሆን ይችላል።

1. መጀመሪያ ሥጋው

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። እኔ ግን ቀስ ልበል።

የሚወደውን ሥጋ ፈልጉ። የጥንቸል፣ የአይጥ፣ የድርጭት፣ የበሬ ልብ ቁራጮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። የትኛውን ቀድሞ አነሳ? በሚቀጥለው ቀን ቦታቸውን ቀያይሩና ድገሙት። ቀድሞ የሚነሳው የሥልጠና ጉርሻችሁ ይሆናል። ሌላው በዋናው ምግብ ሰዓት ይቅረብ። ጉርሻው የአውራ ጣት ጥፍር ካከለ ይበቃል። ትልቅ ከሆነ ወፉ በአምስተኛው ይጠግብና ይሄዳል።

ሥጋው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከሞት አፋፍ ላይ በመድኃኒት ሲታከም የነበረ ከብት ሥጋ አትቀበሉ። በተለይ ዳይክሎፌናክ የተወጋ ከብት ለጥንብ አንሳ መርዝ ነው። እኛ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የምንወስደው ያው መድኃኒት ማለት ነው። የወፉን ኩላሊት ያቆመዋል፤ በቀናት ውስጥ ይሞታል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሕንድ ጥንብ አንሳዎች ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ በላይ ያለቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት እንዳይሰጥ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። በጥይት የተገደለ እንስሳም አይሆንም፤ ውስጡ የቀረ እርሳስ ወፉን ይመርዘዋል።

አሁን ወደ ረሃብ እንምጣ። «ካልራበው አይማርም» የሚል የቆየ እምነት አለ። ምንጩ የጭልፊት አደን ነው። አረብ አገር የሠራ ሰው አይቶት ይሆናል፤ ጭልፊቱ በየቀኑ ይመዘናል፣ ለመብረር የሚመችበት ክብደት በግራም ይታወቃል፣ ምግቡም በዚያ ልክ ይሰፈርለታል። ነጻ ወጥቶ የሚበርን ወፍ ለመመለስ ያ ጥበብ ቦታ አለው። ሚዛን ላይ እንዲወጣ ብሎ ጥንብ አንሳን ማስራብ ግን አያስፈልግም፣ ደግሞም ያሳፍራል። የቀን ድርሻውን ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ወስኑ። ከዚያው ድርሻ ላይ ቀንሳችሁ ለሥልጠና አድርጉት፣ የቀረውን በኋላ ስጡት። ከዋናው ምግብ በፊት መሥራት ብቻ በቂ ነው። ወፉ ካልመጣ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሌላውን ፈትሹ፦ ፈርቶ ነው? ነፋስ አለ? አዲስ ሰው አጠገባችሁ ቆሟል? ሥጋው ትናንት የቀረ ነው?

2. ዕቃዎቹ

ፊሽካ። ጫፉ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ኳስ የተሰካበት፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ዱላ። ረጅም ጉጠት፤ ጣታችሁን ከወደዳችሁ ሥጋ በእጅ አታቀብሉ። የወገብ ቦርሳ። ጠፍጣፋ ዲጂታል ሚዛን። ደብተር። ይኸው ነው።

መጀመሪያ ላይ በእናንተና በወፉ መካከል ሽቦ ይኑር። ለእናንተ ደኅንነት ነው፤ ለእሱም እፎይታ ነው።

3. ማየት ተማሩ

ለጥቂት ቀናት ምንም አታስተምሩ። ሽቦው አጠገብ ተቀመጡ፣ ሥጋ ወርወር አድርጉ፣ ተመልከቱ።

ተረጋግቶ ያለ ጥንብ አንሳ ላባው ላላ ይላል። አንድ እግሩን አጥፎ ይቆማል፣ ላባውን ያበጥራል፣ መላ አካሉን አንዴ ያራግፋል፣ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። የፈራው ደግሞ ላባውን ሰውነቱ ላይ ለጥፎ ይቀጥናል፣ አንገቱን ያስረዝማል፣ ዓይኑን ከእናንተ ላይ አይነቅልም። የተቆጣው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ክንፉን ከፈት ያደርጋል፣ ያፏጫል። ማስታወክ ከጀመረማ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እናንተ ናችሁ የዘገያችሁት።

ወፉን የማያስፈራውን ርቀት ፈልጉ። አምስት ሜትር ላይ ይበላል፣ አራት ላይ ያቆማል እንበል። እንግዲያው ትምህርቱ አምስት ሜትር ላይ ይጀምራል። አንድ እርምጃ የምትቀርቡት ወፉ ሥጋውን አንስቶ እዚያው ቆሞ ሲበላ እንጂ ነጥቆ ሲሸሽ አይደለም። ሥጋ ወስዶ የሚሸሽ ወፍ ቀርቧል አይባልም፤ ደፍሮ ሰርቋችኋል።

4. ፊሽካው

ወፉ ትክክለኛውን ነገር ሲያደርግና ሥጋው ምንቃሩ ጋ ሲደርስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያልፋል። በዚያ መሐል ዞሮ፣ ረግጦ፣ ክንፉን አራግፎ ሊሆን ይችላል። ለየትኛው እንደተከፈለው በምን ይወቅ? ፊሽካው ያቺን ቅጽበት ይይዛታል። ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቁት የዶልፊን አሠልጣኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃዋይ ላይ ይሠሩ ከነበሩት ውስጥ ካረን ፕራየር ትጠቀሳለች። ርቆ እየዋኘ ወይም እየዘለለ ያለን ዶልፊን በዚያችው ቅጽበት ዓሣ ማጉረስ አይቻልምና ድምፅ አስፈለጋቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጭር ፊሽካ ንፉ። እጃችሁ እስከዚያ ድረስ አይነቃነቅ። ከዚያ ሥጋ ስጡ። ፊሽካ፣ ሥጋ። ፊሽካ፣ ሥጋ። እጅና ፊሽካ አንድ ላይ ከሄዱ ወፉ የሚያየው እጁን ነው፤ ፊሽካውን አይሰማውም። በተነፋ ቁጥር ደግሞ ይከፈላል፣ በስህተት ተነፍቶም ቢሆን። ሳይከፍል የሚነፋ ፊሽካ እንደማይከፍል ደላላ ነው፤ ሁለተኛ ማንም አይሰማውም።

ድምፁን ሰምቶ ወደ እጃችሁ ወይም ወደ ጉጠቱ ዞር ካለ ገብቶታል ማለት ነው።

5. ባለ ኳሱ ዱላ

ኳሱን በሽቦው በኩል፣ ከወፉ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ዝም በሉ። ወፉ ኳሱን ባየ ጊዜ ፊሽካ፣ ሥጋ። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ማየት ብቻ አይከፈልም፤ አንገቱን ወደ ኳሱ ሲያስጠጋ ይከፈላል። ከዚያ አንድ እርምጃ ሲመጣ። ከዚያ ኳሱን በምንቃሩ ሲነካ። አንዱን ደረጃ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ዘጠኙን ካደረገ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ሁለት ሦስቴ ከተሳሳተ አንድ ደረጃ ውረዱ። መውረድ ነውር የለውም።

ኳሱን ወደ ወፉ አትግፉ። ይህን አስምሩበት። እጃችሁ የሚያሳክካችሁ ልክ ግማሽ መንገድ መጥቶ ሲቆም ነው፤ «ትንሽ ባስጠጋለትስ» ትላላችሁ። ካስጠጋችሁለት የሚማረው ቆሞ መጠበቅን ነው።

ኳሱን የሚነካ ወፍ ኳሱ ወደሄደበት ይሄዳል። አሁን ያለ መረብ ከቦታ ቦታ ልትወስዱት ትችላላችሁ ማለት ነው። የቀረው ሁሉ የዚህ ልጅ ነው።

6. ለእያንዳንዱ የራሱ ድንጋይ

የአዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ያደገ ሰው አሞራና አባ ኮዳ ሥጋ ላይ ሲራኮቱ አይቷል። እናንተም ጋ አራት ጥንብ አንሳዎች ካሉ አንዱ ጉልበተኛ ነው፣ አንዱ ደግሞ ዳር ቆሞ የሚራብ ምስኪን ነው። ለሁሉም አንድ ቦታ ሥጋ ከሰጣችሁ ያሠለጠናችሁት ጠብ ነው።

ለእያንዳንዱ የራሱ ጉቶ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ መድቡለት። በኳሱ እዚያ አውጡት፣ እዚያ ሲቆም ክፈሉት። ቦታዎቹ መጀመሪያ ይራራቁ፤ ሁለት ወፎች አንገታቸውን ዘርግተው መነካካት የለባቸውም። ሁለት ሠራተኛ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ለጉልበተኛው ብቻ ይመደብ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ነገር አለ። ጉልበተኛው ከድንጋዩ ወርዶ ሌላውን ሲያሳድድ እንጮሃለን፣ ዱላ እናወዛውዛለን። አትጩሁ። ይልቁንስ ምስኪኑ ሥጋ በተቀበለ ቁጥር ጉልበተኛውም ድንጋዩ ላይ እንዳለ ወዲያው ይከፈለው። «እሱ ሲበላ እኔም እበላለሁ» የሚለው ሒሳብ ይገባዋል። ከድንጋዩ ከወረደ ለሁሉም ሥጋው ይቁም። ሲመለስ ይቀጥል። ቶሎ ነው የሚገባቸው፤ ጥንብ አንሳ ሞኝ ወፍ አይደለም።

7. ሚዛኑ

ሚዛኑን በአንድ ቀን አታምጡት። ወፍ አዲስ ዕቃ ይጠላል፤ የሚያብረቀርቅና ሲረገጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። ላዩን በሰው ሠራሽ ሣር ወይም በምንጣፍ ቁራጭ ሸፍኑት። መጀመሪያ ያንኑ ቁራጭ ብቻ ድንጋዩ ላይ አንጥፉለት፣ ይልመደው። ከዚያ ሚዛኑን ጠፍቶ እንዳለ ከድንጋዩ ሦስት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና እርሱት። በየቀኑ ትንሽ ይቅረብ። ስር በደንብ ይደላደል፤ አንዴ ከተንገዳገደበት የሳምንት ሥራ ተበላሸ።

ከዚያ በኳሱ፦ አጠገቡ ሲደርስ ክፈሉ፣ አንድ እግሩን ሲያሳርፍ ክፈሉ፣ ሁለቱንም ሲያወጣ ጠቀም ያለ ጉርሻ ስጡና ይውረድ። መውጣቱ ከተለመደ በኋላ ሥራው ማቆየት ነው። ቁጥሩ እስኪረጋ ጥቂት ሰከንድ ስለሚፈልግ ፊሽካውን አዘግዩ፤ አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ አራት። አንዳንዴ ወደ አንድ ሰከንድ መልሱት፣ ሁልጊዜ እየከበደ እንዳይመስለው።

ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክብደቱን፣ የበላውን፣ የአየሩን ሁኔታና ጠባዩን ጻፉ። ሁሌም በአንድ ሰዓት፣ ሳይበላ መዝኑት። ወፍ ሲታመም ይደብቃል። ላባው ውፍረቱን ይሸፍነዋል፤ በዓይን ደኅና ይመስላል። ደብተሩ ግን ክብደቱ ቀን በቀን እየወረደ መሆኑን ያሳያችኋል፣ ሐኪምም በጊዜ ትጠራላችሁ። ለዚህ ነው ሚዛኑ ላይ ይህን ያህል የተንዛዛሁት።

ወፋችሁ ጥንብ አንሳ ካልሆነ ደግሞ መንገዱ ያው ሆኖ ፍጥነቱ ይለያል። ጉጉት ዝግ ይላል። አንድ ነገር ለማየት ብቻ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፣ ቶሎም ይጠግባል፤ ጥቂት ጉርሻ ሰጥታችሁ ጨርሱ። ንስር ከሆነ ስጋታችሁ እግሩ ነው፤ ያለ ወፍራም ጓንትና ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር ሽቦውን አትለፉ። ትናንሽ ጭልፊቶች ከክብደታቸው አንጻር ብዙ ይበላሉ፤ ክብደታቸው ትንሽ ቢወርድም አደጋ ስለሆነ ምግባቸው ላይ ጨዋታ የለም።

8. ሣጥኑ

ሁለት በር ያለው ሣጥን ምረጡ፣ ሁለቱም ተከፍተው ይቆዩ። ወፉ ማዶውን እያየ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ይህ ሲቀልለት የፊተኛውን በር ዝጉና ውስጡ ይብላ። የኋላውን በር ማንቀሳቀስ የምትጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው፦ ትንሽ ወደ መዝጋት፣ ክፈሉ፣ መልሳችሁ ክፈቱት። ሲዘጋ የሚሰማው ቋ የሚለው ድምፅ ለብቻው አንድ ትምህርት ነው። በሩን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ወዲያው ክፈቱ። ቀጥሎ ትንሽ ዘግየት በሉ። ወፉ በሩን በእግሩ ወይም በምንቃሩ ከመታ ክፈቱለት፤ የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ።

ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻ የሚወጣ ሣጥን ወፉ አይገባበትም። በሳምንት አንዳንድ ቀን ምሳህን እዚያ ብላ በሉት።

9. መርፌው

ይህን ያለ እንስሳት ሐኪም አትጀምሩት። ወፍ በጡንቻ ሲወጋ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የደረት ጡንቻ ነው፤ ቦታውን ሐኪሙ ያሳያችሁ።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ኳሱን ይዞ ወፉን ጉቶው ላይ፣ ደረቱን ወደ ሽቦው አዙሮ ያቆመዋል፣ ይከፍላል። ሌላው ይነካል። መጀመሪያ ረጅም ዱላ፣ በላባው ላይ ለስላሳ ንክኪ፣ ፊሽካ፣ ሥጋ። ዱላው በየጊዜው እያጠረ ይሂድ። ከዚያ ጣት። ከዚያ ጫፉ ላይ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ። ከዚያ በአልኮል የራሰ ጥጥ፤ ቅዝቃዜው ብዙዎቹን ያስደነግጣል፤ ለብቻው መለማመድ አለበት። ከዚያ ጫፉ የደነዘ ነገር ጫን ማድረግ፣ ጫናውንም ቀስ በቀስ መጨመር። በየደረጃው ወፉ ከጉቶው ከወረደ እጅ ይነሳል፣ ሥጋው ይቆማል፣ በሩ ክፍት ይሆናል። ተመልሶ ከወጣ እንቀጥላለን። ካልወጣ የዚያን ቀን ትምህርት አልቋል፤ ቀሪ ምግቡን እንደወትሮው ይብላ።

አንድ ነገር እንዳታደርጉ፦ ነገ ክትባት ነው ብላችሁ ዛሬ አታጣድፉት። ያልደረሰ ወፍ በሌላ መንገድ ይከተብ፣ የእናንተ ጉቶ ግን ለእሱ ሰላማዊ ሆኖ ይቆይ።

እውነተኛው መርፌ በገባበት ቅጽበት ፊሽካው ይነፋ። ጉርሻውም የዚያን ቀን አንድ ቁራጭ አይሁን፤ ሙሉ ድርጭት ይገባዋል። በማግስቱ እዚያው ጉቶ ላይ መልሳችሁ አውጡት፣ በጣት ብቻ ነክታችሁ ክፈሉት። በሚቀጥሉት ብዙ ቀናትም መርፌ የሌለበት ልምምድ ይቀጥል፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ መርፌ ቢሆንም ልምምዱ በየሳምንቱ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ከወረደ ወይም አንገቱን ካስረዘመ ወደ ረጅሙ ዱላ ተመለሱና ከዚያ ጀምሩ።